ቀድሞ የሚደውለው ሰው

እንዴት ዋልሽ የኔ እመቤት? አልቆይም፣ ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ትቶት የሄደውን ሹራብ ልወስድ ነው። እሱ ያለበት ቦታ ይበርዳል። ውይ፣ መጋረጃ ቀየራችሁ? ያምራል። የድሮው ብርሃን ያስገባ ነበር... ይሄስ ምንም አያሳልፍም።

አለቃሽ የሉም? እንግዲህ የሉም ካልሽ የሉም። በሩ ገርበብ ብሎ፣ ከውስጥ ሳል የሰማሁ መስሎኝ ነው... ወንበሩ ይሆናል ያሳለው።

ሹራቡን እስክታመጪልኝ... ቆይ፣ ተቀመጪ፣ ትንሽ ላጫውትሽ። አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ አውቃለሁ። የናንተ አይደለም፣ የሌላ ቤት ሰው ነው በይው። እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! ሌላው አዘጋጅ ከሚዲያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሲደወልለት ነው የሚደነግጠው። እሱ ግን ሰው አያደክምም፣ ቀድሞ ይደውላል። ጋዜጣው ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ "ጌታዬ፣ የዛሬው ቅር ካሰኛችሁ ይቅርታ" ይላል። ልማዱ ነው። ትሕትና አይደለም ትያለሽ?

ሰሞኑንም እንደ ልማዱ ደወለ። "ስለ ተበከለው የቧንቧ ውሃ ለጻፍነው ይቅርታ።" "የቱ ጽሑፍ?" አሉት። አላነበቡትማ! ጋዜጣው ከነማሰሪያው ጥግ ተቀምጧል። እዚያ ያሉት ራሳቸው እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እሱ ታዲያ ምን ያድርግ? ገጹን ነገራቸው። የጸሐፊውን ስም ነገራቸው። ዓይናቸው እንዳይደክም ብሎ የምትቆረቁረዋን አንቀጽ በስልክ አነበበላቸው። አንቺዬ፣ ለአንባቢ እንዲህ የሚጨነቅ አዘጋጅ የት ይገኛል?

አጋጣሚ ሆኖ ጽሑፉ የባለቤቴ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች መጥተው ባሌን ወሰዱት።

ጣቢያ ሄድኩ። መኮንኑ ክፉ አይደለም፤ "አለቃው መጥቶ የኔ ጋዜጠኛ ነው ይበል፣ ዛሬውኑ ይወጣል" አለኝ። ሮጬ ለዚያ ጨዋ ሰው ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እሱኮ ቋሚያችን አይደለም፣ አልፎ አልፎ ነው የሚጽፍልን።" አልፎ አልፎ! ይሄን ሁሉ ዓመት ባሌን አልፎ አልፎ ያየሁት እኔ ነኝ። ለዘገባ ጎርፍ መሀል ሲልኩት "የኛ ልጅ"። ሽልማት ይዞ ሲመጣ "የኛ ልጅ"፣ ፎቶውም ላይ ትከሻውን አቅፈው። ሕክምናና ፖሊስ ጣቢያ ሲሆን... አልፎ አልፎ። አዘጋጅ አይደል፣ መሰረዝ ያውቅበታል።

ኧረ አልተናደድኩም። ድምፄ ከፍ ያለው ደረጃው አድክሞኝ ነው። ተናድጃለሁ እንጂ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ! ከዚህ እስከ ጣቢያው ስንት እርምጃ ነው? አንድ ቃል ለመናገር?

ውይ... ቁልፍ ነው የዞረው? ከውስጥ? ሰው የሌለበት ቢሮ ራሱን ይቆልፋል? መቼም ዘመናዊ ቤት ነው የሠራችሁት።

በይ ሹራቡን አምጪልኝ። አንቺ አትዘኚ፣ ምን አደረግሽ? ያንን ሰው ግን ሳልመርቀው አልሄድም። ዕድሜ ይስጠው። ጤና ይስጠው። ከክፉ ይሰውረው... መሰወሩንስ አሳምሮ ያውቅበታል። አንድ ቀን ደግሞ ተይዞ፣ "ይሄ የማን ሰው ነው?" ብለው ሲጠይቁ፣ እግዚአብሔር ልክ እሱን የመሰለ አለቃ ይላክለት።

አሜን በይ እንጂ የኔ እመቤት... ጮክ ብለሽ።