የጃሜራ ዲስክና የኮናዱ ሳቅ

ወፋ ጃሜራ የእህታቸውን ልጅ ፖኩዋን ያገኟት ባላሰቡት ቦታ ነው፤ በጋና ከተማ ኩማሲ፣ አዱም ሰፈር፣ ከሳርፖንግ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ደጃፍ ላይ። እሳቸው ሃርድ ዲስክ ሊገዙ፣ እሷ ገመድ ልትገዛ መጥተው ተገጣጠሙ። ወፋ የእናት ወንድም ማለት ነው። በአሻንቲ ወግ ወራሽ የሚመጣው ከእህት ወገን ስለሆነ ይህችን ልጅ እየኮሩባትም እየፈሯትም ነበር የሚያዩአት። ፖኩዋ አክራ ቪዲዮ ማቀናበር ተምራ ከተመለሰች ሦስት ሳምንቷ ነው። እሳቸው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባንታማን ሠርግና ለቅሶ ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ “ጃሜራ ባለ ካሜራ” ይላቸዋል፤ ስሙንም ይወዱታል።

ባንኮኒው ላይ ሁለት ዲስኮች ነበሩ። አንደኛው ወፍራምና ብዙ የሚይዝ ነው። ሌላው የክብሪት ሳጥን የሚያህል፣ ዋጋው ከወፍራሙ እኩል፣ የሚይዘው ግን ሩቡን ብቻ ነው። ወፋ ወፍራሙን አቅፈውታል።

“ወፋ፣ ምን ሊሠሩበት ነው?” አለች ፖኩዋ እጅ ነሥታ።

“ሥራ ነዋ። ዲስክ ይበላል እንዴ?”

“ለማስቀመጥ ከሆነ መልካም ነው። የቪዲዮ ሥዕል ለመቁረጥና ለመቀጠል ከሆነ ግን ይህኛው ይሻልዎታል” ብላ ቀጭኑን አነሳች።

ወፋ ሳቁ። “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ። ባንድ ዋጋ ሩቡን ልግዛ? እኔ የመጣሁት ድስት ልገዛ ነው እንጂ ማንኪያ ልገዛ አይደለም።” ሳርፖንግም የትኛውም ቢሸጥለት ግድ የለውምና አብሯቸው ሳቀ።

ፖኩዋ አልተቀየመችም። በወፍራሙ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሃንና በላዩ የሚሮጥ ክንድ እንዳለ በትሕትና አስረዳቻቸው። ክንዱ አንድ ሥዕል ሲጠየቅ አያንስም። ሠርግ ግን የሚቀረጸው በሦስት ካሜራ ነው፤ ሦስቱ ሰፋፊ ሥዕሎች ባንድ ጊዜ ሲጠየቁ ክንዱ ሦስት ቤት እንደተጠራች አንዲት አዋላጅ ይባክናል፤ ሥዕሉም ይንገዳገዳል። በቀጭኑ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ አራት አምስት እጥፍ ይፈጥናል። እሱም ቢሆን በአሮጌ ገመድ ከታሰረ እንደ ወፍራሙ ይንቀራፈፋል፤ እሷም ገመድ ፍለጋ የመጣችው ለዚሁ ነው።

“የኔ አይንገዳገድም፤ ዘዴ አለኝ” አሉ ወፋ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ዘዴውንም ነገሯት። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሥዕሉን ሁሉ ወደ ትንሽ መጠን ያሳንሱታል፤ በትንሹ ይቆርጣሉ፣ ትንሹን ለባለጉዳዩ ያስረክባሉ። ከዚያ ለሚቀጥለው ሥራ ቦታ እንዲኖር ትልቁን ያጠፉታል።

ፖኩዋ ቀጭኑን ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠች። “ማሳነሱ ነውር የለውም፤ እኛም ለሥራ እናሳንሳለን፤ መጨረሻ ላይ ግን ወደ ትልቁ እንመለሳለን። ትልቁን ጭራሽ ያጠፉታል ማለት ነው?”

“የተበላበት ሳህን አይታጠብም?”

ይህን ብለው ወፍራሙን አስጠቀለሉ። እኔ ይህን ታሪክ የምጽፈው ወፋን ለመውቀስ አይደለም። የፊት ቆዳን ቀዳዳ ሳይቀር ለይቶ የሚቀርጽ ካሜራ በስንት ድካም ገዝቶ፣ የቀረጸውን በራሱ እጅ አደብዝዞ የሚያስቀምጥ ሰው ግን በኩማሲ እሳቸው ብቻ አይደሉም። ስንቱ ነው።

ሁለቱ ተያይዘው ባንታማ ስቱዲዮ ሲደርሱ ማሜ ዱፊ የሚባሉ የሰፈሩ እናት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጥቁር ለብሰዋል፤ አንገታቸው ላይ የሐዘን ቀይ ጨርቅ አስረዋል። ልጃቸው ኮናዱ በሦስት ቀን ትኩሳት ከሞተች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ወፋ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ያዙ፤ ውሃ ቀረበ፤ ከዚያ በወጉ መሠረት የመጡበትን ጠየቁ።

የመጡበት ጉዳይ እንዲህ ነው። ለቀብሩ የሚሰቀለው ትልቅ ባነር ፊት ይፈልጋል፤ የኮናዱ ፊት ግን የለም። በልጅነቷ የፈላ የዘንባባ ዘይት ጉንጯን አቃጥሏት ስለነበር ካሜራ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። የቀረው የመታወቂያዋ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ፖሊስ የያዛት ያስመስላታል። ሆኖም ከስድስት ዓመት በፊት በወንድሟ በቦአሄን ሠርግ ስትጨፍር ራሷን ረስታ ወደ ካሜራው ዞራ ስቃለች። ማሜ ዱፊ ያቺን ቅጽበት አልረሷትም። ባነር አታሚው፣ ያኔ ወፋ በፍላሽ ያስረከቧቸው ቪዲዮ ትንሽ ስለሆነ ትልቁን ከቀረጸው ሰው አምጡ ብሏቸው ነው የመጡት። ደስ ብሏቸው ነበር የመጡት፤ ይህ ነው እስከዛሬ ወፋን የሚያቃጥላቸው።

ወፋ ኮምፒዩተሩን ከፈቱ። ሳይከፍቱትም እንደሌለ ያውቁ ነበር፤ ግን አፋቸው አልታዘዝ አላቸውና እያንዳንዱን ማህደር እየከፈቱ ሲዘጉ ቆዩ። በመጨረሻ ፖኩዋ ፍላሹን ተቀብላ ቦታውን አገኘችው። ኮናዱ በቢጫ ቀሚስ እየዞረች፣ እጇን ዘርግታ፣ ራሷን ወደ ጎን ጣል አድርጋ ስትስቅ። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። ፖኩዋ አጎላቻት፤ ጥርሷና ጉንጯ ተቀላቅሎ እንደ ወለል ሸክላ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆነ።

“ቀረብ ስናደርጋት ትጠፋለች” አሉ ማሜ ዱፊ። “ለምን ትሸሸኛለች?”

ወፋ ወንበራቸውን አዞሩ። “ማሜ ዱፊ፣ ትልቁ ነበረ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።”

“ለምን?”

“ቦታ ፈልጌ።”

“ለምኑ?”

“ለሌላ ሰው ሠርግ።”

“ለማን?”

ወፋ አሰቡ። ያ ሠርግ የማን እንደነበር አላስታወሱም፤ አለማስታወሳቸውንም ተናገሩ።

ፖኩዋ የደበዘዘን ፊት የሚያጠራ ፕሮግራም እንዳለ ነገረቻቸው፤ ነገር ግን ባለሙያ ናትና እውነቱን አልደበቀችም፤ ፕሮግራሙ የሌለውን በግምት ነው የሚሥለው። ማሜ ዱፊ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ግምት ከሆነ ይቅር ልጄ። የሌላ ሰው ልጅ ፊት ሰቅዬ የኔን አልቀብርም።” ፍላሻቸውን በጨርቃቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላል ያገራችን ሰው። ወፋም የዚያን ቀን አለቀሱ፤ ፖኩዋ ዞር አለችላቸው። ፊታቸውን ታጥበው ሲመለሱ ጥያቄ የሚጠይቁት እሳቸው ሆኑ።

“ያ ቀጭኑ ቢኖረኝ ኖሮ ልጅቷ ትተርፍ ነበር? አታባብይኝ፤ እውነቱን ንገሪኝ።”

“ፍጥነቱ ብቻውን ባላተረፋት ነበር፣ ወፋ። ግን ሥዕሉ ባይንገዳገድብዎት ማሳነስ አይለምዱም ነበር። ለሥራውም ለማስቀመጡም አንዱን ዲስክ ስላደረጉት፣ አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር አሮጌው መሞት ነበረበት።”

“እንግዲያው ወፍራሙን ልመልሰው?”

“አይመልሱ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ያለሥራው ገብቶ ነው። እሱ ጎተራ ይሁን።”

“አንቺ አክራ የተማርሽው ይህን ነው?”

“ይህን ነው። ቀላል ስለሚመስል ማንም አይሰማንም።”

በማግስቱ አብረው ሳርፖንግ ዘንድ ተመለሱ። በፖኩዋ ምክር ወፋ ቀጭኑን ፈጣን ዲስክ ለሥራ ብቻ ወሰዱ፤ አፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ ስለሚደክም አንድ አምስተኛው ሁልጊዜ ባዶ እንዲሆን ተስማሙ። ገመዱንና የሚሰካበትን ቀዳዳ ፖኩዋ ራሷ መርጣ አስፈተነች። ቀጭኑ ዓመታት መሳቢያ ውስጥ ያለኤሌክትሪክ ቢቀመጥ የማይታመን ስለሆነ፣ ያለቀ ሥራ በሙሉ መጠኑ ወደ ወፍራሞቹ እንዲገለበጥ ወሰኑ። ወፍራሞቹም ሁለት ሆኑ፤ አንዱ በስቱዲዮ፣ ሌላው በፖኩዋ እናት ቤት። እሳትና ሌባ ባንድ ቀን ሁለት ሰፈር አይገቡም።

የኮናዱ ቀብር ቅዳሜ ዋለ። ባነሩ ላይ የመታወቂያዋ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ልጅቱ ክስ የምትመልስ ትመስላለች። ወፋ ያለ ክፍያ፣ በሦስት ካሜራ ቀረጹ፤ ባነሩን ባዩት ቁጥር ካሜራውን ወደ መሬት ይመልሱት ነበርና የመሐለኛውን ካሜራ ፖኩዋ ያዘችላቸው። ያንን ሥራ ሲያቀናብሩ ሦስቱም ሥዕሎች ሳይንገዳገዱ እኩል ሄዱ። ሳምንት ይፈጅ የነበረው በሁለት ቀን አለቀ፤ የለቀስተኛው ዕንባ ሳይቀር ተለይቶ ታየ። ወሬውን ሰምተው የመጡ የሙያ ጓደኞቻቸው የትኛውን እንግዛ ብለው ሲጠይቋቸው ወፋ ዋጋ አላወሩም። “ለሥራህ ፈጣኑን፣ ለማስቀመጥ ሰፊውን፣ እሱንም ሁለት አድርገህ ግዛ። ትልቁን ሥዕል አትንካ። ማን ነገ እንደሚሞት አታውቅም” ይሏቸዋል።

ማሜ ዱፊ ሥራውን ሊወስዱ በመጡ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተመለከቱት። ከዚያ ለመሄድ ተነሥተው እንደገና ተቀመጡ።

“እኔም ካሜራ እሸሽ ነበር” አሉ። “እሷ ከኔ ነው የተማረችው። የቀሩትን ልጆቼን እንዲህ አላስቸግራቸውም፤ እኔን ያንሱኝ። ፊት ለፊት።”

ወፋ ካሜራውን አስተካከሉ። ማሜ ዱፊ ግን እንደ ደረቀ እንጨት ሆኑ፤ ባነሩ ላይ ያለውን ፎቶ መሰሉ። ወፋም “ይሳቁ” አላሏቸውም፤ ሊሉም አልቻሉም። “ስለ ኮናዱ ይንገሩኝ” ብቻ አሉ። ማሜ ዱፊ ኮናዱ በሰባት ዓመቷ የቄሱን ጫማ ተጫምታ ገበያ ለገበያ ስትሰብክ የተገኘችበትን ቀን ማውራት ጀመሩ። ገበያተኛው እንቁላል መጽውቷት እንደነበር ሲደርሱ፣ ሳያስቡት፣ ራሳቸውን ወደ ጎን ጣል አድርገው ሳቁ።

ፖኩዋ በፍላሹ ላይ ያቺን ቅጽበት ደጋግማ አይታት ስለነበር ቶሎ አወቀችው። “ወፋ” አለች በሹክሹክታ፣ “ይሄ እኮ የሷ ሳቅ ነው።”

ወፋ አይተውታል። ካሜራውን አላጠፉም። ማሜ ዱፊ ከመውጣታቸው በፊት ያንን ሳቅ በሙሉ መጠኑ በሁለቱም ወፍራም ዲስኮች ላይ ገለበጡት፤ ለመገልበጫ የመጣውንም ፖኩዋ በዚያው ሰዓት ወደ እናቷ ቤት መልሳ ይዛው ሄደች።