ባኮ የሚሏቸው እናት

ከአምቦ ወደ ጊንጪ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪና አንዲት ጠና ያሉ እናት ተቀምጠዋል። በእናትየዋ በኩል ያለው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«አዴ፣ ብርድ ገባ። መስኮቱን ይዝጉልን» አላቸው አስተማሪው።

«ይሄን የመሰለ ወፍራም ሱሪ ለብሰህ ምን ይበርድሃል ልጄ?»

«ጂንስ እኮ ነው። ስሙን ያገኘው ጄኖዋ ከምትባል የጣሊያን ከተማ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ቃል ሞልቶታል፤ ዕቃው በመጣበት አገር ስም ይጠራል።»

«ሰውም እንደዚያው ነው። እኔ ከባኮ መጥቼ ደጋው እንጭኒ ካገባሁ ጀምሮ ባኮ ነው የምባለው። ጎረቤቱም፣ አማቴም፣ ሁሉም ባኮ ነው የሚለኝ።»

«ባለቤትዎም?»

«እሱም። ስሜን የሚጠራው ሲቆጣኝ ብቻ ነበር። የቆላ ሰው ነኝ፣ በር መዝጋት አልለመድኩም። ብርዱ ሲገባ ‹ጫልቱ!› ብሎ ይጮህብኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ እሱም የለ። በሩ ተከፍቶ ቢውል የሚቆጣኝ የለም።»

አስተማሪው ኮስተር ብሎ ወደ እሳቸው ዞረ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጫልቱ! መስኮቱን ዝጊ እንጂ! ብርዱ ፈጀን!»

«ያ ዋቃዮ!» ብለው አምላካቸውን ጠርተው በሳቅ ፈረሱ። እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መስኮቱን ሳቡት። «ዘጋሁ፣ ዘጋሁ! አትጩህብኝ!»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ በእኔ በኩል ያለውን መስኮት ቀስ ብዬ ዘጋሁት።