ገንፎ የቀመሰ ሽጉጥ

ኤልፍነሽ ስለ አየሩ ማውራት ስትጀምር የግርማቸው ጆሮ ቆመ። ሚስቱ ስለ አየር የምታወራው ሌላ የምትለው ነገር ሲኖራት ነው። እሱ ደግሞ ሽጉጡን ፈታትቶ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ዘርግቶታል። ትንንሹ ሞላና ብሎን ሁሉ ስለተበተነ ጥሎ ይውጣ ቢል እንኳ መውጫ የለውም።

«ወይንዬ፣ ዛሬ እንኳ ደህና ሞቅ ብሏል፣ አይደል?» አለች ኤልፍነሽ ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ እያዞረች። «ያለፈው እሑድ ጠዋት ግን ምን የሚሉት ብርድ ነበር! ይሄ ሎስ አንጀለስ ነው ወይስ ደብረ ብርሃን ነው አልኩ እኮ። ቅቤ የሚያረጋ ብርድ…»

«ቅቤ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ግርማቸው የያዘውን ሞረድ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

ጊዜው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሰባ ስምንት፣ ወሩ ጥር ነው። ባልና ሚስቱ ዌስት አዳምስ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ኤልፍነሽ አራስ ናት። ጓደኛዋ ወይንሸት ከፌርፋክስ አቬኑ አውቶቡስ ይዛ ልትጠይቃት መጥታ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሕፃኑን ጨርቅ ታጥፋለች። ግርማቸው ካልቨር ሲቲ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ከቢሮ ሲወጣ ያለውን ጊዜ ግን ለአንድ ነገር ብቻ ሰጥቷል፤ አርባ አምስት ካሊበር ሽጉጡን ለዒላማ ተኩስ ውድድር ማሰናዳት። በዚህ ሥራ የሚያግዘው ሣህሌ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ነው። ሣህሌ ግሌንዴል ይኖራል፤ የሁለቱንም የውድድር ጥይት ቤቱ ቁጭ ብሎ በባዶ ቀለህ ባሩድ እየጨመረ በእጁ የሚሞላው እሱ ነው። የፊታችን እሑድ ልጁን ክርስትና የሚያነሣውም እሱ ነው።

ነው ሳይሆን ነበር። ባለፈው እሑድ ውድድሩ ላይ የግርማቸው ሽጉጥ አንዴ ተኩሶ ነከሰ፤ ሁለተኛው ጥይት አልገባ አለ። ግርማቸውም ተናደደና በሰው ሁሉ ፊት «የሣህሌ ጥይት ነው!» አለ። ሣህሌ ዕቃውን ሰብስቦ፣ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ቄሱ በስንት ልመና ከሌላ ስቴት ሊመጡ ነው፣ እንግዳው ተጠርቷል፤ ልጁን የሚያነሣው ሰው ግን ተቀይሟል። ግርማቸውም አንድ ስልክ መደወል አቅቶት ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ብረት ይሞርዳል።

«ምን ልልሽ ነበር… አዎ። አንድ ሰው አለ» አለች ኤልፍነሽ። «አንቺ አታውቂውም፣ ሩቅ ሰው ነው። ግን ምን ዓይነት ባለሙያ መሰለሽ! ሽጉጥ ገዛ። ፋብሪካ የሠራው፣ ለአሜሪካ ወታደር የበቃ ሽጉጥ ነው። ለሱ ግን አልበቃም። ፋብሪካ ደግሞ ምን ያውቃል? በርሜሉ ይነቃነቃል አለና አጠበቀው። ምላጩ ይከብዳል አለና አቀለለው። አሁንማ አጠገቡ ብታስነጥሺ ይተኩሳል እያለ ይኮራበታል። ሚስትየዋ ጉንፋን እንዳይዛት ስትጸልይ ነው የምትውለው…»

ወይንሸት የያዘችውን ጨርቅ ወደ አፏ አስጠጋች።

«እኔን የሚገርመኝ ትዕግሥቱ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር እጀታ ከወለቀ ቆየ፤ እሱን አይነካም። እንዲህ ያለ ተራ ሥራ ለእንደሱ ያለ ሰው ይሰጣል እንዴ? ለሽጉጡ ሲሆን ግን ቁጭ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ ይውላል። ብሎኑ እንዳይላላ ብሎ የጥፍር ቀለም ይቀባዋል። የማንን የጥፍር ቀለም? የሚስቱን ነዋ! ያቺን ቀይዋን፣ ውዷን። ሚስቱ ባዶ ጥፍሯን፣ ሽጉጡ ተኳኩሎ! ታዲያ ቅር ይላታል? ኧረ በጭራሽ። የጥርስ ብሩሿንም የወሰደው ለቁም ነገር ነው፤ ጥርስማ ምን ይሆናል? ደግሞ አንድ ቀን ቀለም ቀባውና ኦቨን ውስጥ ከቶ ቤክ አደረገው። እኔ እኮ ባል ዳቦ ጋገረ ሲባል ነው የሰማሁት፤ ሽጉጥ ጋገረ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ኦኬ፣ አገሩ አሜሪካ ነው። ምን የማይሰማ አለ?»

ግርማቸው ሳያስበው ሳቁ መጣበት፤ ወደ ጋዜጣው አቀርቅሮ ዋጠው። ሚስቱ ስትነካካው የሚጠላ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ያገባት ለዚህ ምላሷ ነው። የዛሬው ግን ወዴት እንደሚሄድ ገብቶታል፤ የገባውም ነገር አላማረውም።

«ሲተኩስ ደግሞ ማየት ነው! ደረቱን ነፍቶ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ትንፋሹን ውጦ… እኔ ልቤ ጥፍት… ማለቴ የሚስቱ ልብ ጥፍት ይላል ይባላል። እርጉዝ ሆና እንኳ ሆዷን ይዛ እየሄደች ታጨበጭብለት ነበር። እሱም የዒላማውን ወረቀት ይዞላት ይመጣል፤ መሀሉ የተበሳሳውን። ሌላው ለሚስቱ አበባ ይዞ ይመጣል፤ እሱ የተበሳሳ ወረቀት። ይሄም እኮ ፍቅር ነው፤ አይደል?»

ይህን ያለችበት ድምፅ እውነተኛ ነበር። ግርማቸውም ያውቃል፤ ያጨበጨበችለትን ሁሉ ያስታውሳል። ስለዚህ ነው ይበልጥ ያፈረው።

«ሶ፣ ለዚህ ሰው ልጅ ተወለደለት። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉ ወዳጆች መጡ። አንዷ ወዳጃቸው ገንፎ አገንፍታ ከነትኩሱ ይዛ ከተፍ አለች። እኔ ልሙት ወይንዬ፣ እንዴት ያለ ገንፎ መሰለሽ! ቅቤው መሀሉ ላይ በበርበሬ ቀልቶ፣ ኮረሪማው ቤቱን ሞልቶት! ይቺ ልጅ ምን ዓይነት እጅ ነው የሰጣት ያልተባለ የለም።»

ገንፎው የወይንሸት ስለነበር ወይንሸት አንገቷን ደፋች።

«ሁሉም በእጁ እየቆረሰ፣ ቅቤውን እያጠቀሰ ይበላል። ሰውዬው ግን ሰዓት የሚያባክን ሰው አይደለም። ነገ ውድድር አለዋ! በአንድ እጁ ገንፎ፣ በአንድ እጁ ጥይት። አንዴ ራሱ ይጎርሳል፣ አንዴ የሽጉጡን የጥይት ካዝና ያጎርሳል። ያ ጥይቱን የሚሞላለት ጓደኛው፣ ‹ኧረ በናትህ እጅህን ታጠብ› ቢለው ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ሽጉጡም አራስ ይጠይቅ እንጂ!› አይልም መሰለሽ? ጨዋታ አዋቂነቱ! እንዴት ሳቅን… ማለቴ ሳቁ፣ እነሱ።»

ግርማቸው ያቺን ቀን እንደገና አያት። እጅህን ታጠብ ያለው ሣህሌ ነበር። ይህን እንኳ ረስቶት ነበር፤ ወይም የረሳው መስሎት ነበር።

«በነጋታው በዚያ ብርድ ሽጉጡ አንድ ጊዜ ጧ! አለና ጃም አደረገ። ያሳዝናል። ያ ሁሉ ተለፍቶበት! ግን ወይንዬ፣ የሰውዬውን ዕውቀት እይልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይፈታዋል፣ ያየዋል፣ ይጨነቃል። እሱ ግን መፍታት አላስፈለገውም፤ እንደቆመ አወቀው። ‹የጓደኛዬ ጥይት ነው› አለ፣ አለቀ። ጓደኛው ከዚያው የጥይት ሳጥን እያወጣ ሲተኩስ ማርፈዱ ምን ይሆናል? እኔ ግን ሞኝ ነኝ መሰለኝ፣ የልጄ ጡጦ እንቢ ሲለኝ ወተቱን ከመስደቤ በፊት ጫፉን አውጥቼ አጥበዋለሁ…»

ግርማቸው አንዷን ሞላ አንሥቶ ጠረጋት፤ ከመጥረጉ በፊትም ንጹህ ነበረች።

እውነቱን እሱ ከሰኞ ጀምሮ ያውቃል። ሰኞ ማታ ሽጉጡን ሊያጸዳ ተቀምጦ ካዝናውን ሲከፍት፣ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ብረት በረጋ ቅቤና በበርበሬ ተጣብቆ አገኘው። ደነገጠ፣ አፈረ፣ ጠርጎ አጸዳው። ነገ ለሣህሌ እደውላለሁ አለ። ነገው ሲመጣ ደግሞ ቃሉን አጣው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያዋረዱትን ጓደኛ በስልክ እንዴት ብለው ይጀምሩታል? ይብስ ብሎም ማንም አላየ፣ ማንም አላወቀ የሚል ክፉ ሐሳብ መጣበት። አንድ ነገር ግን ዘንግቷል፤ የዚያን ቀን ገንፎ ያጎረሰው ካዝና አንድ ብቻ አልነበረም።

«ሶ፣ ይቺ ሚስቱ ማክሰኞ ዕለት ካፖርቱን ከወንበር ላይ ስታነሣ ከኪሱ ዱብ አለ፤ ባዶ ካዝና። አንሥታ ማሞቂያው ላይ አስቀመጠችው። ከሥሩ የሕፃኑ ጨርቅ ተዘርግቷል። ትንሽ ቆይታ ዞር ብትል ጨርቁ ላይ ቀይ ጠብታ! ምስኪን፣ ደም መሰላት። ልጁን አገላበጠችው፤ ደህና ነው። የራሷን እጅ አየች፤ ደህና ነው። ቀና ብትል ከዚያ ከካዝናው ጠብ፣ ጠብ… አሸተተችው። ኮረሪማ! ወይንዬ፣ ብረት ኮረሪማ ኮረሪማ ሲል አጋጥሞሽ ያውቃል? በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችው። እጅሽን ሳላውቀው… ማለቴ የዚያችን ወዳጇን እጅ ሳታውቀው ትቀራለች?»

ግርማቸው ተነሣ። ሦስት ሰው ባለበት ቤት ማንም ያላየው መስሎት በግድግዳው ላይ ወዳለው ስልክ ሄደና እጀታውን አነሣ። የግሌንዴሉን ቁጥር እስከ ግማሽ አዞረ። ከዚያ ሣህሌ «ሄሎ» ሲል ታየውና መልሶ ሰቀለው። ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ኤልፍነሽ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«ታዲያ ሚስቱ ነገረችው? አልነገረችውም። ምን ቸገራት? የተማረ ሰው ነው፣ ዛሬ ይናገራል ብላ ረቡዕን ጠበቀች። ነገ ይናገራል ብላ ሐሙስን ጠበቀች። እሱን አልወቅሰውም፣ ቀላል ነገር መሰለሽ? አንዲት ወርቅ የሆነች ሽጉጥ በቅቤ ነከሰች ተብሎ ስሟ ይጥፋ? ጓደኛ ቢጠፋ ጓደኛ ይገኛል። ደግሞ የኛ ስልክ ሰሞኑን ሳይበላሽ አልቀረም፤ የሚያነሣው ሰው ሁሉ ለካ መልሶ ያስቀምጠዋል…»

ወይንሸት ሳቋን መቻል አቅቷት ፊቷን በጨርቁ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«ምነው? ልጁን ማን ያነሣዋል ብለሽ እንዳትጨነቂ። መላ አይጠፋም። ሽጉጡ ያንሣዋ! ገንፎ ቀምሷል፣ ቅቤ ጠጥቷል፣ አራስ ጠይቋል፤ ከዚህ በላይ ምን ዝምድና አለ? ቄሱም ምን ይላሉ፣ ስሙን ብቻ ይጠይቃሉ።»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። ምጥ የያዛት ቀን ሆስፒታል ድረስ ድራይቭ አድርጎ ያደረሳት ሣህሌ ነው፤ ግርማቸው ያን ቀን ውድድር ላይ ነበር። ይህን ግን አላነሣችም። አለማንሣቷን ግርማቸው ሰማው፤ ካነሣችው ሁሉ ይልቅ ያልተነሣው አመመው።

ሕፃኑ ጠግቦ ተኛ። ኤልፍነሽ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች፣ ነጻ እጇን እንደሚመርቁ ሽማግሌዎች ወደ ላይ ዘረጋች።

«ብቻ እኔ ያን ሰው አልቀየመውም፤ ከልቤ ነው የምመርቀው። እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት።»

ግርማቸው እናቱ ጥብቅ አድርጋ ያሳደገችው ልጅ ነው። ምርቃት በሰማ ቁጥር መዳፎቹ ሳያዛቸው ይዘረጋሉ። አሁንም በዘይት የጠቆሩት እጆቹ ከጋዜጣው በላይ ተዘረጉ።

«ዓይኑን ከዒላማው አያስትበት።»

«አሜን» አለ ግርማቸው።

ካለው በኋላ ነው የሰማው። ኤልፍነሽ ያን ሩቅ ሰው ስትመርቅ አሜን ያለው እሱ ነው። ወይንሸት የያዘችውን ጨርቅ ጣለች። ኤልፍነሽ ግን አልሳቀችም፤ ከሰዓት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችው፤ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ ምርቃቷን ጨረሰች።

«የሚያመካኝበት ሰው ደግሞ መቼም አያሳጣው። አሁን አንዱ ራቀበት… ግድ የለም። ይሄ ልጅ ያድግለታል።»

የግርማቸው እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ትከሻዋ ላይ የተኛውን ልጁን አየ፤ ለዚህኛው አሜን አላለም። ተነሣና እጁን በሱሪው ጠረገ። ወደ ስልኩ ሄዶም የግሌንዴሉን ቁጥር እስከ መጨረሻው አዞረው።