የበጉ አሥራት

በማስተማሬ የተጸጸትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ገነተ ማርያም። ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት ለሚማሩ ጎልማሶች ስለ እርሻ አስረዳለሁ። የቤት አከራዬ ቄስ ሞገስም ተማሪዬ ናቸው፤ ያኔ ለልደት በዓል አንድ ሙክት በገብስ እየቀለቡ ነበር። እኔ ሆዬ ሰሌዳው ላይ ገብስ፣ በግና ሰው ሣልኩና፣ «በጉ ከሚበላው ገብስ ሥጋ የሚሆነው አንድ አሥረኛው ቢሆን ነው። የቀረው በመሄድ፣ ገላውን በማሞቅ፣ በመጮህ ያልቃል። ገብሱን ራሳችን ብንበላው ግን ስንቱን ሰው ያጠግባል!» አልኩ። ቄስ ሞገስ ብድግ ብለው፣ «እንግዲያ በጉ የሚሰጠን አሥራቱን ብቻ ነዋ!» ሲሉ ክፍሉ አውካካ። «በትክክል!» ብዬ አጨበጨብኩላቸው። ምነው ባላጨበጨብኩ!

ልደት ደረሰ። ጾሙን ሙሉ ያን ሙክት በዓይኔ ስበላው ከርሜ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቄስ ሞገስ ቤት ከጎረቤቱ ጋር ለምሳ ተቀመጥኩ። ለሰው ሁሉ ትኩስ ሥጋ ቀረበ። ለእኔ ግን አንድ ሰፌድ ሙሉ የገብስ ቆሎ!

«አባ፣ ተሳስተው እንዳይሆን?» አልኩ ምራቄን እየዋጥኩ።

«ኧረ የለም መምህር፤ አንተ የተማርከው ገብሱን ብላና ጥገብ። እኛ ያልገባን በትራፊው እንቸገራለን» አሉኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። ጎረቤቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ቆሎውን ጥቂት ቆረጠምኩና ኩራቴን ጥዬ፣ «እሺ፣ ቢያንስ ያቺን አሥራት ይስጡኛ!» አልኳቸው።

«አሥራትማ ለቤተ ክርስቲያን ነው» አሉና ጎድኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።