ስኳር ጥሎ ማር ያነሣ

ባሻ እንደሻውን የሰደበው ሀብተወልድ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሀብተወልድ። ቀኑ የኅዳር ሚካኤል፣ ዘመኑ ሃምሳ ስድስት፣ ቦታው ደግሞ የማኅበሩ ጽዋ የተጠጣበት የሀብተወልድ የራሱ ግቢ። ባሻ ሽንቱን ሊሸና ወደ አጥሩ ሥር ወጣ ብሎ ተመለሰ፤ ጥቂት ቆይቶ እዚያው ቦታ ላይ ጉንዳን ተሰብስቦ ተገኘ። ሀብተወልድ አይቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ካህኑም ሴቶቹም በተቀመጡበት፣ "ጠጅ ልትጥሉ ማር ፍለጋ ኤረር በር ገበያ ድረስ ምን ያንከራትታችኋል? ባሻ እያለ! ይኸው ማር ይሸናል" አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሻ በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች ባለፈ ቁጥር፣ አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸም እያደረገ "ማሩ መጣ" ይላል።

ባሻ ዳዊት ሳይዘልቅ ያቋረጠ፣ በወታደር ቤት ጥቂት ቀለም የጨመረ ሰው ነው። ቂምን ግን ያለ መምህር ይዘልቃታል። ለሀብተወልድ የሚመልሰውን ቃል እያወጣ እያወረደ፣ እንደ ካራ ሲስለው ኖረ።

በዚህ መካከል የውኃ ጥሙ በዛ፤ ሰውነቱም መነመነ። ሐኪም ዘንድ ቢሄድ፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው "የስኳር በሽታ አለብህ፤ ስኳር ተው" ብሎ ሸኘው። በዚያ ዕድሜው "አንተ" መባሉን ባሻ እስከ ዛሬ አልረሳም። ትእዛዙን ግን እንደ ወታደር ፈጸመ። ስኳር ከቤቱ አስወጣ፤ ጣፋጩ ሐላዋ በሚሸጥበት መንገድ ማለፍም ተወ። በምትኩ ጧት ማታ የማር ብርዝ ይጠጣ ጀመር። ስኳር የፋብሪካ ነው፤ ማር ግን የእግዜር።

አንድ ቅዳሜ ከማር ነጋዴው ከቡሽራ አንድ ቅል ማር ገዝቶ ፈረስ መጋላ የተባለውን አደባባይ ሲያቋርጥ፣ ከኋላው የሴት ድምፅ ጠራው። ገላነሽ ነበረች፤ የጎረቤቱ የወይዘሮ እልፍነሽ ልጅ፣ በነርስነት ተመርቃ የተመለሰች፣ እሑድ እሑድ በየእድሩ እየዞረች ስለ ምግብና ስለ ስኳር በሽታ የምታስተምር። ባሻ ትምህርቷን ሰምቶ አያውቅም። እሷም ልታሾፍ የመጣች መስሎት ፊቱን አጨማደደ።

"ባሻ፣ እባክዎ ይቁሙ። እግርዎ እየደማ ነው።"

ዞር ቢል፣ በመጣበት ድንጋይ ላይ ቀይ ዱካ ተከትሎታል። ገላነሽ በአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ አስቀምጣው ጫማውን ልታወልቅ ሳበች፤ ጫማው አልላቀቅ አለ። ከሶሉ የወጣ ሚስማር ሥጋውን በስቶ፣ እግሩን ከጫማው ጋር ሰፍቶት ኖሯል።

"አያምዎትም?"

"ምኑ?" አለ ባሻ።

የሌላ ሰው እግር የሚያይ መሰለው። በጠላት ጊዜ ጥይት የነካው ዕለት ያስጮኸው ይኸው እግር ነበር፤ ዛሬ በሚስማር ተወግቶ ዝም አለ።

ገላነሽ ጫማውን ቀስ ብላ ከሚስማሩ ጋር አላቀቀችና ቁስሉን እያጠበች አስረዳችው። ይህ በሽታ ሲከርም የእግርን ስሜት ይገድላል፤ ያልተሰማ ቁስል ደግሞ ውስጥ ውስጡን መርቅዞ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ቀጥላም ምን እንደሚመገብ ጠየቀችው። ባሻ ቅሉን በኩራት አነሣላት።

"ስኳር ከቤቴ ከወጣ ዓመት አለፈው፣ ልጄ። እኔ ማር ነው የምጠጣ።"

እጇ ከእግሩ ላይ ተነሣ። የደም ዱካውን ስታይ ያልደነገጠች ልጅ አሁን ደነገጠች።

"በየቀኑ?"

"ጧትም ማታም። በሽታው የስኳር በሽታ ተባለ እንጂ የማር በሽታ ተባለ እንዴ?"

"ስሙን ያወጣው ሰው ነው፣ ባሻ። በሽታው ስሙን አያነብም። ደም ውስጥ ሲገባ ማሩም ስኳር ነው።"

"ዮሐንስ በበረሃ ማር በልቶ አይደል የኖረ? እናንተ ተማርን ስትሉ መጽሐፉን ጣላችሁ።"

"አልጣልንም። ዮሐንስ አንበጣም በልቷል፤ ያውም በረሃ ለበረሃ በእግሩ እየዞረ። እርስዎ ማሩን ብቻ ወሰዱለት።"

ባሻ ሊቆጣ ፈልጎ ሳቅ አመለጠው። እሷ ግን አልሳቀችም።

"ሰውነት ያልቻለው ስኳር በሽንት ይወጣል፤ የስኳር በሽተኛ ሽንት ላይ ጉንዳን የሚሰበሰበውም ለዚያ ነው። በሽታው ሲጀምርዎ አንድ ሰው እንኳ ይህን አይቶ ነግሮዎት ቢሆን ኖሮ።"

ባሻ የማሩን ቅል ከጎኑ አስቀመጠ።

"ነግሮኛል" አለ በመጨረሻ።

"ማነው የነገረዎ?"

ባሻ ጫማውን አንሥቶ ሚስማሩን ይመለከት ጀመር።

እነሆ፣ እውነት ሁልጊዜ በደግ አፍ አትመጣም፤ ተሳዳቢም ሳያውቃት ተሸክሟት ይመጣል። ሐኪሙም አልዋሸም፤ ግን ግማሹን ነግሮ ሸኘ፤ ግማሽ ምክር ሙሉ ጥፋት አደረሰ። ለዚህ ነው ሰው በየሰፈሩ ተቀምጦ እስኪገባው ድረስ መማር ያለበት።

ባሻ ማሩን ለቡሽራ መለሰ። ቡሽራ ተከፋ፤ "ወላሂ፣ ባሻ፣ ማሬ ቅልቅል የለበትም" አለው። "ማርህስ ደኅና ነው፤ ደኅና ያልሆንኩ እኔ ነኝ" ብሎት ሄደ። በማግስቱ እድሩ ሲሰበሰብ ከፊት ተቀመጠ። እንጀራውን አሳንሶ ጎመኑንና ምስሩን ማብዛት፣ ጠጅና ብርዝ መተው፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ፣ በሰዓቱ መብላት፣ ስለ ጾሙም ሐኪምንና የንስሐ አባትን አስቀድሞ ማማከር እንደሚገባ ሰማ። ጫማ ከማጥለቅ በፊት ውስጡን በእጅ መዳበስ የሚለውን ሲሰማ ደግሞ አንገቱን ደፋ። ሐኪም ዘንድ ተመልሶ መድኃኒት ጀመረ፤ የተማረውን ሁሉ ፈጸመ። ቁስሉ ቀስ እያለ ጠገገ፤ ጥሙ ተወው፤ ከአጥሩ ሥር ጉንዳን ጠፋ። እግሩም ከመቆረጥ ዳነ።

በሌላው ዓመት ኤረር በር ላይ ሀብተወልድ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ አገኘው።

"ባሻ፣ ማር ተወደደ ይላሉ። መሽናት ተውክ እንዴ?"

ጓደኞቹ ሳቁ። ያ ሲሳል የኖረው መልስ ባሻ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ነገር ግን ከመልሱ ፊት ሌላ ቃል ቆሞ መንገድ ዘጋበት፤ ምስጋና ነበር። ምስጋናው ሳይወጣ ስድቡ አይወጣም። ምስጋናውን ደግሞ ለሀብተወልድ ከሚሰጥ ሚስማሩን ቢውጥ ይሻለዋል።

ቀና ብሎ አየው። ከዚያም በሁለት እግሩ ሄደ።