ባሌ ሳይወርድ እንዳትገፉት

ባሌ ቀለም ቀቢ ነው። ያን ሰሞን እዚሁ ላሊበላ አዲስ ሆቴል እየቀባ ነበርና ልጄን አዝዬ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። ደርሼ ቀና ብል፣ ከሥሩ ጎማ ባለው ረጅም የብረት መወጣጫ አናት ላይ ቆሟል። ከታች ሁለት ጓደኞቹ የጎማውን ፍሬን ፈትተው፣ እሱን እንደያዘ ወደሚቀጥለው መስኮት ሊገፉት ነው። መሬቱ ደግሞ የኛው አገር መሬት፣ ድንጋይና ጉድባ ነው። ብረቱ ገና ሲነኩት ተወዛወዘ።

«ኧረ ቁሙ! ሳይወርድ?» አልኩ።

«አንቺ ደሞ! ለሁለት ክንድ ብሎ ማን ይወርዳል?» አለኝ አንደኛው።

ባሌም ከላይ ሆኖ «ሂጂ ጥላው ጋ ተቀመጪ፣ አታሳፍሪኝ» አለ።

እኔም «በማርያም ገዝቻችኋለሁ! ባሌ ሳይወርድ እንዳትገፉት!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም እሳት እንደነካ ሰው እጃቸውን ከብረቱ አነሱ። ግዝት ማን ይደፍራል! ባሌ እያጉረመረመ ወረደ። ባዶውን ገፉት፤ ምንም ሳይሆን ሄደ። «ይኸው፣ ወደቀ?» እያሉ ሳቁብኝ። ባሌ ምሳውን ጀርባውን ሰጥቶኝ በላ።

በማግስቱ ስሄድ ያው መወጣጫው ላይ ነው። እኔ ከሆቴሉ አጥር ውጭ ስለነበርኩ አላዩኝም። አንዱ ጓደኛው ፍሬኑን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ባሌ «ቆይ፣ ልውረድ» አለ።

«ግዝቱ የትናንት ነው እኮ!» ብሎ ሳቀበት።

«ሚስቴን አታውቃትም፤ ቀን አልቆረጠችለትም» አለና መውረድ ጀመረ። እግሩ መሬት ሲነካ ምሳውን ይዤ ገባሁ።