ስሟ የማይነገር ተክል

ዝናቡ ባያባርረኝ ኖሮ የባህል መድኃኒት ቀማሚው ሱቅ አልገባም ነበር። ከገባሁ በኋላ ግን ዝናቡ ቢያባራም አልወጣሁም፤ አስተማሪ ነኝና ሰው ሲከራከር ጆሮዬ አርፎ አይቀመጥም። ሽማግሌው ከባንኮኒው ጀርባ ቆመዋል። ስለ ዕፅዋት ተምራ የመጣችው የእህታቸው ልጅ ደግሞ የደረቀ ሥር በመዳፏ ታገላብጣለች።

«ጋሼ፣ የእናቴ ሳል ብሶባታል፤ ከእርስዎ መድኃኒት ሌላ የምትወስደው የለም» አለች።

«ብርዱ ነው ልጄ። መድኃኒቱማ ያው የጥንቱ ነው።»

«ሥሩን ማን ነው የሚያመጣልዎት?»

«የሰብሳቢዬ አማች። ሰብሳቢው ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ተራራውን የሚወጣው እሱ ነው። ደግሞ ፈጭቶ ስለሚያመጣልኝ ከወፍጮ ገላግሎኛል።»

«የተክሏን ስም ነግረውታል?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ለሰብሳቢው ለራሱስ መቼ ነገርኩ? ‹ያቺን መራራዋን አምጣ› ነው የምለው። ስሟን ካወቀማ በማግስቱ ፊት ለፊቴ ሱቅ ይከፍታል።»

«ታዲያ ልጁ መራራ የሆነውን ሁሉ ቢነቅል ምን ይፈረድበታል? ይሄን ሥር ሳይፈጭ ከእሱ እጅ ነው የተቀበልኩት።»

ምላሷ ምላጭ ነው አልኩ በልቤ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። ከመደርደሪያው ጥግ የቆየ ሥር ፈልገው አወጡና ሁለቱንም ሰበሯቸው። የድሮው ውስጡ ቢጫ፣ የአሁኑ ነጭ ነበር። ፊታቸው ሲጠቁር አይቼ አዘንኩላቸው።

«እውነተኛዋስ ከተራራው ጠፍታለች?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

«አለች፤ ግን ዘር ሳትጥል ስለምትነቀል እየሳሳች ነው» አለች ልጅቷ። «አንድ ተራራ፣ አንድ ሰብሳቢ! አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይቆማል።»

«ምን ላድርግ ነው የምትዪኝ?» አሉ ሽማግሌው።

«ስሟንና መልኳን ይንገሩ። ከሌላ መንደርም ሰብሳቢ ይያዙ። ሥሩ ሳይፈጭ ይምጣና ሰብረው ይዩት። ዘሯ ሳይረግፍ አትነቀል፤ ጥቂት ደግሞ ጓሯችን እንዝራ።»

«ሱቅ ቢከፍትብኝስ?»

«ይክፈት። ቅመማውን ከየት ያመጣዋል? ተክሏ ከጠፋች ግን የእርስዎም ሙያ ባዶ ማሰሮ ነው።»

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይሄ ነው። ምስጢር መድኃኒትን ከሌባ ይጠብቅ ይሆናል፤ ከስህተት ግን አያድንም። ብዙ ሰው ያወቃትን ተክል ብዙ ሰው ይንከባከባታል። አንዱ ሰብሳቢ ቢታመም ወይም አንዱ ተራራ ዝናብ ቢያጣ፣ በሽተኛው ባዶ እጁን አይመለስም። ይህንን እኔም ልናገር አፌን ስከፍት ሽማግሌው ኮታቸውን አንስተው ነበር።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«እናትሽ ዘንድ። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ራሴ እቀበላታለሁ፤ መሳሳቴንም ራሴ እነግራታለሁ።» በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ስሟንም ከሰብሳቢዎቹ በፊት እሷ ትስማ። ምን እንደማጠጣት ስንት ጊዜ ጠይቃኝ፣ አንድም ቀን አልነገርኳትም።»